“ልጄ፣ ማንን ነው የመረጥኩት?”

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ እናቴን ነጠላዋን አስለበስኳት፤ የምትቀመጥበት በርጩማ ያዝኩላትና ሰፈራችን ወዳለው የምርጫ ጣቢያ ሄድን። ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። የዚያን ዕለቱን የአዲስ አበባ ሰልፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ተራችን የደረሰው ፀሐይ አናታችን ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

እናቴ ያኔ 72 ዓመቷ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎችም ተመዝግባ አታውቅም። ስለዚህ ዋዜማውን አጠገቧ ተቀምጬ አስጠናኋት። “እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ታያለሽ፤ እዚያ ላይ አሻራሽን ታሳርፊያለሽ፤ በሁለቱም ወረቀት ላይ እሱኑ ነው” አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እሷም በነጋታው እንዳልኳት አድርጋ ወጣች።

ቤት ገብተን ቡና ተፈላ። እናቴ ቀለም የተቀባ ጣቷን ስታገላብጥ ቆየችና፣ “ልጄ፣ ማንን ነው የመረጥኩት?” አለችኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ የፓርቲውን ስም ነገርኳት። “ምን እናደርጋለን ይላሉ?” ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ። “ጥሩ ናቸው እማዬ፤ እኔ አውቅልሻለሁ” ብዬ ሲኒውን አቀበልኳት።

የትኛውን ምልክት እንዳስጠናኋት ዛሬ አልናገርም፤ ለጉዳዩም አይጠቅምም። ጉዳዩ በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት እኔ መሆኔ ነው። አንዱን በራሴ ጣት፣ ሌላውን በእናቴ ጣት።

ሳያስረዱ ማስፈረም

በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት በጣም ከምቆጣባቸው ነገሮች አንዱ በሽተኛን ሳያስረዱ ማስፈረም ነበር። ለቀዶ ጥገና የገባ ሰው የስምምነት ቅጽ ይፈርማል። ብዙ ጊዜ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ ቶሎ ብሎ ሊፈርም ይመጣል። “እሷ ምን ታውቃለች፣ እኔ አለሁ አይደል?” ይላል። እኔ ግን በሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ምን እንደሚደረግላት ካስረዳኋት በኋላ፣ “እስኪ አሁን አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ” እላት ነበር። በራሷ ቃል መልሳ ከነገረችኝ ገብቷታል። የእኔን ቃል እንደ በቀቀን ከደገመችልኝ አልገባትምና እንደገና እጀምራለሁ።

ለማላውቀው በሽተኛ ይህን ሁሉ የማደርግ ሰው፣ ለወለደችኝ እናቴ ግን ሥዕል አስጠንቼ አሻራ አስወሰድኳት። ምን ያስጨንቃት እንደነበር አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ የምትለውን አውቃለሁ፤ ውሃው ሌሊት ብቻ መምጣቱን፣ ተምሮ ሥራ ያጣውን የወንድሜን ልጅ፣ የዘይቱን ዋጋ ታነሳ ነበር። እነዚህን ይዛ የእያንዳንዱን ፓርቲ ቃል ብትሰማ ምናልባት እኔ ያልኩትን ትመርጥ ነበር፤ ምናልባትም አትመርጥም። አሁን የማወቂያ መንገድ የለኝም።

ከዚያ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በከተማችን የሰው ሕይወት ጠፋ። እናቴ፣ “ሁለተኛ ጣቴን ቀለም አላስነካም” አለችና ቃሏን ጠበቀች። በ2003 ዓ.ም. አረፈች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ሰጠች፤ እሱም የእኔ ድምፅ ነበር።

ይህን የምጽፈው የምርጫ ወሬ በየቤቱ መነሳት ስለጀመረ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ያደርገዋል። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ በኮቪድ ምክንያት ከ2012 ተራዝሞ፣ በአብዛኛው አካባቢ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። አሁን የ7ኛው ተራ ነው። የዛሬ አያቶች ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርን ነን። ግን “እኔ አውቅልሻለሁ” የሚል ልጅ፣ “እኔ አውቅልሃለሁ” የሚል አባት ዛሬም በየቤቱ አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ጣታችንን ቀለም ከማስነካታችን በፊት በየቤታችን ልንነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮችን ላንሳ።

በእርግጥ የምንመርጠው ማንን ነው?

ቡና ላይ ሰው ሲያወራ ብትሰሙ አብዛኛው የሚያወራው ጠቅላይ ሚኒስትር ስለመምረጥ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚመረጥ የለም። እኛ የምንመርጠው የምርጫ ክልላችንን የሚወክል ሰው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በምክር ቤቱ ብዙ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል።

ስለዚህ አንደኛው ወረቀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት፣ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት ነው። ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል። የጡረታን ነገር ብንወስድ ደንቡ የሚወጣው በፌዴራል ሕግ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የወጣው በተወካዮች ምክር ቤት ነው። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነትና የገንዘብ ጉዳይም የፌዴራሉ ናቸው። ጤና ጣቢያው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሰፈሩ መንገድና ውሃ ደግሞ በአብዛኛው የሚመሩት በክልሉ ወይም በከተማው አስተዳደር ነው። የእናቴ የውሃ ጉዳይ የሁለተኛው ወረቀት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን “በሁለቱም ላይ እሱኑ” ብዬ ገላገልኳት።

ለተወካዮች ምክር ቤት አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ ነው። አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል 1,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ ዕጩ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 ቢያገኙ፣ 600 ሰው ባይመርጠውም ባለ 400ው ያሸንፋል። ይህን ሳያውቅ፣ “የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?” ብሎ ቤቱ የሚቀር ብዙ ሰው አለ። ልዩነቱ አንድ ድምፅ ብቻ ቢሆንም አሸናፊ አሸናፊ ነው።

አንድ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት፣ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት የምክር ቤት አባል በሕግ መሠረት ከቦታው ሊነሳ ይችላል። የተመረጠው ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ጉዳይ የለውም ማለት አይደለም። ስሙንም፣ መልኩንም ማወቅ ያለብን ለዚህ ጭምር ነው።

ዕጩውን እንደ በሽተኛ ካርድ ማንበብ

አንድ በሽተኛ ሲመጣ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን እንጠይቃለን። መቼ ጀመረህ? ከዚህ በፊት ምን ወሰድክ? ምን ለውጥ አየህ? ዕጩንም እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል። በቤታችን የምንጠቀምባቸው ጥያቄዎች አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ይህ ሰው ማን ነው? እኛ ሰፈር ምን ሠርቶ ያውቃል? ሁለተኛ፣ ፓርቲው እኛን ስለሚያስጨንቀን ነገር ምን ይላል? ሦስተኛ፣ ቃል የገባውን በምን ገንዘብ ሊሠራው ነው? ሁሉን በነፃ እሰጣለሁ የሚል ሰው፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ቢጠየቅ ነውር አይደለም። አራተኛ፣ ከዚህ በፊት ሥልጣን ላይ የነበረ ከሆነ የገባውን ቃል ፈጽሟል ወይ? አዲስ ከሆነስ ቃሉን ለመፈጸም ምን አቅም አለው? አምስተኛ፣ ከእሱ ጋር ስለማይስማሙ ሰዎች፣ ስለ ሌላው ብሔርና ሃይማኖት ሲናገር ምላሱ እንዴት ነው? በአፉ ጎረቤቴን ያቃለለ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

እነዚህን መልሶች ለማግኘት የተማረ መሆን ግድ አይደለም። በምርጫ ሰሞን ለተወዳዳሪ ፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት ይመደባል፤ ክርክርም ይተላለፋል። ቤተሰብ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ክርክር አዳምጦ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ መነጋገር ይቻላል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የልጅ ልጆች የፓርቲዎቹን ቃል ያንብቡላቸው። የሚወዱትን ፓርቲ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ ድምፃቸውንም ሳይለዋውጡ ያንብቡ። ልጆች የማይወዱትን ሲያነቡ አፋቸውን ጠመም እንደሚያደርጉ አይቻለሁና ነው።

የተላከልንን ሁሉ አንዋጥ

በኮቪድ ጊዜ ስልኬ ላይ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደተላከልኝ አስታውሳለሁ። ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ሁሉም “ዶክተር ነው ያለው” የሚል ነበር። የላኩልኝም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። በምርጫ ሰሞንም እንዲሁ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚመጣው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ከምንወደው ሰው ስለሆነ ሳንመረምር እንውጠዋለን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። “ምርጫው ቀረ”፣ “እገሌ ራሱን አገለለ”፣ “እዚያ ጣቢያ ሰው ተደበደበ” የሚል ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ማን ነው ያለው? መቼ ነው የሆነው? ሌላ የምናምነው ምንጭ ተናግሮታል? ፎቶው ከዓመታት በፊት የተነሳ፣ ከሌላ አገር የመጣም ሊሆን ይችላል። የቀን፣ የምዝገባና የውጤት ጉዳይ ከሆነ መናገር ያለበት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ካላረጋገጥን ለሌላ ሰው አናስተላልፍ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም አሉ። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ደውለው፣ “እማዬ፣ እገሌን እንዳትመርጪ” ይላሉ። በ6ኛው ምርጫ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባሉበት ሆነው ድምፅ የሚሰጡበት አሠራር አልነበረምና፣ ቁጭታቸውን በእናታቸው በኩል ሊወጡት ቢፈልጉ ይገባኛል። ምክራቸውን እንስማ፤ ምክንያታቸውንም እንጠይቅ። ገንዘብ ስለሚልኩልን ግን ድምፃችንን አንልክላቸውም።

ካርዱ የባለቤቱ ነው

ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ማንነትንና አድራሻን የሚያሳይ መታወቂያ ይጠየቃል። የምዝገባው ቀንና አሠራር በየምርጫው ሊለያይ ስለሚችል የቦርዱን መግለጫ መከታተል ነው። መታወቂያችሁ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የምርጫ ካርድ እንደ ክትባት ካርድ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። በአንዳንድ ቤት ግን አባወራው የሁሉንም ካርድ ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል። ለጥንቃቄ ብሎ ይሆናል። ነገር ግን ካርዱ የባለቤቱ ስለሆነ ባለቤቱ ይያዘው። ካርድህን አምጣ፣ እኔ ላስቀምጥልህ የሚል የውጭ ሰው ከመጣም አይሰጠውም።

የኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የምክር ቤት አባል ለመሆን በቁ፤ በፓርላማችን የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። እናቴ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። መብቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ እስከ እሷ ጣት ድረስ ለመምጣት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሲደርስም እኔ ተቀበልኩላት።

የጥሞናው ቀንና የምርጫው ዕለት

በሕጉ መሠረት ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ባሉት አራት ቀናት የምርጫ ቅስቀሳ ማድረግ ክልክል ነው። ይህ የጥሞና ጊዜ ይባላል። እኔ በቤትም ቢከበር ደስ ይለኛል። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን መቀስቀስ ያቁም። በነዚያ ቀናት እያንዳንዱ ለብቻው ያስብ።

የዕለቱን ነገር ደግሞ እንደ ጤና ባለሙያ ልምከር። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ ሰልፍ ላይ እንዳይቆም። ቁርሱን ይብላ፤ ከረሜላ ወይም ትንሽ ስኳር በኪሱ ይያዝ። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሳይዘገይ ይቅመስና ይቀመጥ። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች በጣቢያው አካባቢ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ እንጂ፣ ሰልፍ አለብኝ ብለው በራሳቸው ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ውሃ፣ ጥላና በርጩማ አይረሱ። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ እንዲያገኙ አስፈጻሚዎቹን መጠየቅ ይቻላል።

ውስጥ ስትገቡ ለተወካዮች ምክር ቤት የምትመርጡት አንድ ዕጩ ብቻ ነው። ለክልል ወይም ለከተማ ምክር ቤት ከአንድ በላይ የሚመረጥ መሆን አለመሆኑን የጣቢያውን አስፈጻሚ ጠይቁ። ምልክት ማድረግ የሚቻለው በኤክስ ወይም በጣት አሻራ ነው። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ካደረጋችሁ ድምፁ ዋጋ ያጣል። ስማችሁን አትጻፉበት። ወረቀቱ ላይ የመራጩ ስም ስለሌለ ሣጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ይህ የእገሌ ነው የሚል የለም። ብዙ አረጋውያን “ማንን እንደመረጥኩ ይታወቅብኛል” ብለው ስለሚሰጉ ይህን በደንብ ንገሯቸው። ማየት ለተሳነው ወይም እጁ ለማይታዘዝለት ሰው የሚረዳውን የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። የተመረጠው ረዳትም ሥራው እንደ መነጽርና እንደ ምርኩዝ መሆን ብቻ ነው።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይካሄዳል፤ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። ቅር ያለው ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል፤ ከጣቢያው ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ስለ ፍርሃት

“ምርጫ ሲባል ልቤ ይፈራል” የሚሉኝ እኩዮቼ ብዙ ናቸው። አትፍሩ ብዬ አላሾፍባቸውም። ያዩትን አይተው ነው። ባለፈውም ምርጫ በጸጥታ ችግር ድምፅ ያልሰጡ አካባቢዎች ነበሩ። አካባቢው ሰላም ካልሆነ ነፍስ ይቀድማል። እናቴ ድምፅ መስጠት በመተዋ አልወቅሳትም። ያንንም ቢሆን የወሰነችው እሷ ራሷ ነበረች። መምረጡም፣ መቅረቱም ከራስ ሐሳብ ይምጣ ነው የምለው።

በቤተሰብ መካከል ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ፤ በፓርቲ ምክንያት ወንድም ከወንድም መኳረፍ። መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል። ስንታመም የሚያስታምመን፣ ስንሞት የሚቀብረን ግን ይኸው ቤተሰብና ዕድር ነው። የእገሌን ፓርቲ የመረጠ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ከጎናችን እንደሚቀመጥ እያሰብን እንነጋገር።

ዘንድሮ እኛ ቤት ውስጥ 80 ዓመት ያለፋቸው አክስቴና ገና 18 ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ያገኘችውን የፓርቲዎች ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበችላቸው። አክስቴ በየመሃሉ፣ “ስለ ውሃው ምን ይላል?” እያሉ ያቋርጧታል። እህታቸውን መሰሉኝ። ሲጨርሱ፣ “እስኪ አሁን የገባዎትን መልሰው ይንገሩኝ” አልኳቸው። አንዱን ከሌላው እየለዩ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ከእነ ነቀፌታው ነገሩኝ። ከዚያ ወዴት እንዳዘነበሉ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

እኔ ወዳሰብኩት አልነበረም። አፌ ድረስ የመጣ ነገር ነበር።

“ለሰው እንዳትናገሪ ታዲያ” አሉኝ፣ ሲኒውን እያቀበሉኝ። ተቀብዬ ሁለተኛውን ቀዳሁላቸው።